የማስረዳት ሸክም በማን ትከሻ ላይ ነው?

የሥራ መሪዎች ሥነ ምግባር በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጉቦና ምዝበራ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የጥንቱ ብሂል ሹመትን በሆድ ብቻ ስለ መዘነው፣ ያልበላ ሹም ሁሉ ንጹሕ ሹም ነው የሚል ግምት አሳድሯል። ነገር ግን አንዲት ሳንቲም ሳይነካ በስብሰባ መካከል በሰው ሕይወት ላይ የሚፈርድ ኃላፊ አለ። የአመራርን የሥነ ምግባር ጥያቄ አስቸጋሪ የሚያደርገው ይኸኛው ነው።

ለዚህ ከቻሌንጀር አደጋ የበለጠ ግልጽ አብነት ማግኘት ያዳግታል። ይህች የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986) ከፍሎሪዳ በተወነጨፈች በ73ኛው ሰከንድ አየር ላይ ተበታትና፣ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት የምትገኝባቸው 7 ተሳፋሪዎቿ አለቁ። የረዳት ሮኬቷን መጋጠሚያ የሚደፍነው የጎማ ቀለበት በብርድ ደርቆ የጋለ ጋዝ አሳልፎ ነበር።

በዋዜማው ምሽት ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም መካከል ሮጀር ቦይስጆሊ፣ የቀለበቱ ሙቀት ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ ማስወንጨፍ እንደማይገባ በስልክ በተደረገ ጉባኤ ተከራክረዋል። ቁጥሩ የተወሰደው እስከዚያ ድረስ ከታየው እጅግ ቀዝቃዛ በረራ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ቀለበቶቹ ተጎድተው ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ማስረጃቸው የተሟላ አልነበረም፤ በሞቃት ቀን ተወንጭፎም ጉዳት የታየበት በረራ ነበርና። ይህ ሊሸሸግ አይገባም። እውነቱን አውቆ የካደ ሰው ብቻ ቢኖር ኖሮ ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር።

ታዲያ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው? የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ኃላፊዎች ምክሩን ሲሞግቱ የክርክሩ መሠረት ተገለበጠ። ቀድሞ ጥያቄው መወንጨፉ ደኅና ስለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ የሚል ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን መወንጨፉ አደገኛ ስለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ ወደሚል ተለወጠ። ሁለቱ በቃል ይቀራረባሉ፤ በፍሬ ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አለማወቅ በመጀመሪያው ሥር ጥንቃቄን ያስገድዳል፤ በሁለተኛው ሥር ለድፍረት ፈቃድ ይሆናል። በችሎት ከሳሽ እንዲያስረዳ ይገደዳል፤ የሰው ሕይወት በሚያዝበት ሥራ ደግሞ ሊያስረዳ የሚገባው ሥራው ይቀጥል ባዩ ነው።

ኩባንያው ለብቻው ሊመክር ከጉባኤው ወጣ። ለ5 ደቂቃ የታሰበው ምክክር ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። በመካከሉ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ፣ እስከዚያች ሰዓት ከመሐንዲሶቹ ጋር የቆመውን የምሕንድስና ክፍል ኃላፊ፣ የመሐንዲስነት ቆቡን አውልቆ የሥራ አስኪያጅነቱን እንዲያጠልቅ ነገረው። (በአማርኛ «ቆቡን ጣለ» የሚባለው ምንኵስናውን ላፈረሰ ሰው መሆኑ እዚህ ላይ ቢታወስ ነውር የለውም።) አመራር እውቀትን አውልቆ የሚጀመር ሥራ ከሆነ፣ መሪው በምን ይመዝናል? በመጨረሻ ድምፅ የሰጡት 4 ሥራ አስኪያጆች ብቻ ነበሩ፤ መሐንዲሶቹ አልተጠየቁም። ዕዳውን በሕይወታቸው የሚከፍሉት 7ቱ ሰዎችም ስለ ክርክሩ አልተነገራቸውም። መዘግየት የሚያስከትለው ኪሳራ በዚያ ጉባኤ ብዙ ጠበቃ ነበረው፤ የተሳፋሪዎቹ ወገን ግን በቁጥር አናሳ፣ በሥልጣንም ዝቅተኛ ነበር።

የኩባንያው ተወካይ ሆኖ ፍሎሪዳ የነበረው አለን ማክዶናልድ ግን አልፈርምም አለ፤ የፈቃዱ ወረቀት ከዩታ በሌላ ኃላፊ ተፈርሞ ተላከ። ማክዶናልድ ከአደጋው በኋላ የሆነውን ሁሉ ለመርማሪው ኮሚሽን በመግለጡ ከሥራ መደቡ ዝቅ ተደረገ። የአሜሪካ ምክር ቤት አባሎች ጣልቃ ገብተው ወደ ኃላፊነት ሲመለስ የተሰጠው ሥራ ያንኑ የሮኬት መጋጠሚያ እንደገና የማስነደፍ ሥራ ነበር።