የጉባኤተኛው መንገድ

ሰው ስለ አንድ ጉዳይ ለመምከር ሲጓዝ አካሄዱ የምክሩ አካል ነውን? እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 መጨረሻ በግላስጎው ወደተጠራው 26ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ከአምስተርዳም ተነሥተው በባቡር የተጓዙት ልዑካንና ወጣቶች መልሳቸው «አዎን» ነበር፤ ባቡር ለአንድ መንገደኛ የሚተፋው ካርቦን ከአውሮፕላን እጅግ ያንሳልና። በዚያው ሰሞን ስለ ጢስ ሊመክሩ በግል አውሮፕላን የገቡም ነበሩ። እነርሱን መንቀፍ ቀላል ነው።

የሚከብደው ሌላው ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ልዑክ በምን ይሂድ? ሐዲዱ ጅቡቲ ላይ ከባሕር ይገጥማል። በባቡር መሄድ ግዴታ የሚሆነው ሐዲድ ለተዘረጋለት፣ በመንገድ ውሎ ቢያድርም ደመወዙ ለማይጓደልበት ሰው ነው። (በየድንበሩ ቪዛ ደጅ የሚጠናውንማ ተዉት!)

ይህ ግን ለእኛ ማምለጫ አይሆንም። ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የተካሄደው በአዲስ አበባ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከ2018 ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል፤ የአገራችን ኤሌክትሪክም በአብዛኛው ከወንዝ ውሃ የሚመነጭ ነው። እንግዲህ ከጅቡቲ ለሚጠራ እንግዳ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ጽሕፈት ቤት «ሌላ መንገድ አልነበረም» ሊል አይችልም። ባቡሩ ዘገምተኛ፣ ጣቢያውም ከመሐል ከተማ የራቀ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም ተሳፍሮበት የማያውቅ ሹም ይህን ጉድለት በምን ስሜት ሊያርመው ይነሣል?