የመደርደሪያው ተራ

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ነው። አንዲት የሐበሻ ቀሚስ የምታሠራ ሴትዮ ሁለት ባለሙያ ነበሯት፤ አንዱ ጠላፊ፣ ሌላው ሰፊ። ቀሚሱ መጀመሪያ ይጠለፋል፣ ከዚያ ይሰፋል። ጠላፊው ካልለቀቀ ሰፊው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ልጇ የተማረ ነው። ሰዓት ይዞ ለካ፣ አማካዩን አወጣ፣ የትኛው ቀሚስ በስንት ሰዓት ወደ ሰፊው እንደሚያልፍ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ገና በጠዋቱ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ክሩ ይበጠስ ጀመር። ሰፊው ሻይ ጠጣ፣ ደገመ።

በማግስቱ እናትየው መደርደሪያው ፊት ቆመች። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እየፈታች አየች። ጥልፉ አንገቱ ላይ ብቻ ሆኖ ሽንሽንና ገበር የበዛበትን ከፊት አደረገች። ጥልፉ ዳር እስከ ዳር የወረደውን፣ ስፌቱ ግን ጠርዝ መቀምቀም ብቻ የሆነውን ነጠላ ወደ ኋላ ወሰደች። መሐል ላይ አንዱን አነሳች፣ መለሰች፣ ከጎኑ ካለው ጋር አቀያየረች።

«ሰዓቱስ እማዬ?»

«ሰዓቱን መብራት ያውቀዋል።»

የፊተኞቹ ቶሎ ቶሎ ወጥተው ሰፊው ዘንድ ተከመሩ። የጠላፊው ክር ሲበጠስም የሰፊው መኪና አልቆመም።

ሌላ ቀን ልጁ በራሱ ተራ ደረደረ። እንዳጋጣሚ ከባድ የተባለው ጥልፍ ሁሉ ቀለለና ሥራው ሳይመሽ አለቀ። «አየሽ!» አላት። «እሰይ» አለችና በነጋታው እንደ ልማዷ ደረደረች።

የእሷ ተራ ምርጥ መሆኑን ጆንሰን የተባለ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ጊዜው ቁርጥ ለሆነ፣ በሁለት መኪና ለሚያልፍ ሥራ አሳይቷል። ጊዜው ሲዋዥቅስ? ታልዋር በ1967 ተመሳሳይ ሕግ ገመተ፤ ከኒንግሃምና ዱታ በ1973 አረጋገጡት። ሕጉም የሚሠራው የእስካሁኑ ቆይታ ስለ ቀሪው ምንም ለማይነግርበት ሥራ ነው፤ የሚያሳጥረውም የአንዱን ቀን ሳይሆን የብዙውን ቀን አማካይ ነው። ባለሙያው ሦስት ሲሆን ግን፣ ጊዜው አስቀድሞ ቢታወቅ እንኳ፣ ሁልጊዜ ምርጡን ተራ ቶሎ የሚያወጣ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

ሴትዮዋ ለገና ልብስ የሚተኩስ ሰው ልትጨምር ነው አሉ።