ጉልበትሽን ከማሳሸትሽ በፊት ኮርቻሽን ለኪ

ልጄ፣ ከልምምድ ስትመለሺ ጉልበትሽን ይዘሽ ደረጃ ስትወጪ አይቻለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ወጌሻው በቅባት አሽቶሻል፣ በረዶም አድርገሽበታል፤ ሕመሙ ግን ብስክሌቱ ላይ ስትወጪ ይመለሳል። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይኼንን ነው። አሠልጣኝሽን «ይኼ ኮርቻ አልተስማማኝም» ማለቱ ከብዶሽ፣ ጥፋት የሌለበትን ጉልበት ትቀጪዋለሽ። ብስክሌቱ የክለብ ነው፤ ካንቺ በፊት ሌላ ሰው ጋልቦበታል፤ ኮርቻውም በዚያ ሰው እግር ልክ እንደተቀመጠ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ኮርቻ ደግሞ ያሳምማል።

ነገሩን በቁጥር ላሳይሽ። ደኅና ጋላቢ ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ያህል ያዞራል። በሰዓት 5,400፣ በሦስት ሰዓት ልምምድ 16,200 ይሆናል። ጫማሽ ከፔዳሉ ጋር ስለተቆለፈ ጉልበትሽ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚመላለሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሯጭ መሬቱ ሲለዋወጥ እርምጃዋም ይለዋወጣል፤ አንቺ ይህ ዕድል የለሽም። ኮርቻው ትንሽ ከተሳሳተ ስሕተቱ 16,200 ጊዜ ይደገማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙ የት እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ። ከፊት፣ በዚያች በምትንሸራተተው ክብ አጥንት ዙሪያ ከሆነ፣ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት ተጠግቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ዝቅ ያለ ኮርቻ ላይ ጉልበትሽ ከልክ በላይ እንደታጠፈ ትገፊያለሽ፤ የጭንሽ ጡንቻ ሲስብ ያቺን አጥንት ከጭን አጥንትሽ ጋር ያጣብቃታል። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ስትታገዪ ደግሞ ይብሳል። ሕመሙ ከኋላ፣ ቋንጃሽ ላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኮርቻው ከፍ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ እግርሽ ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ሲንጠራራ የቋንጃሽ ጅማት ይወጠራል። ከውስጥ ወይም ከውጭ በኩል ሲሆን ከኮርቻው ጋር የጫማሽን መቆለፊያም እይ፤ ተጣሞ የተገጠመ መቆለፊያ እግርን ከተፈጥሮ አቅጣጫው ያወጣል።

አሁን እንለካ። ግድግዳ ተደግፈሽ በባዶ እግርሽ ቁሚ። ወፍራም መጽሐፍ በእግሮችሽ መካከል አስገብተሽ ኮርቻ ላይ የተቀመጥሽ ያህል ጠበቅ እስኪል ወደ ብሽሽትሽ ከፍ አድርጊው፤ ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጫፍ ጓደኛሽ ትለካልሽ። 82 ሴንቲሜትር ሆነ እንበል። በ0.883 ሲባዛ 72.4 ይመጣል። የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት መሃል ተነሥተሽ፣ በኮርቻው ቱቦ አቅጣጫ እስከ ኮርቻው አናት ይህን ያህል ይሁን። ይህን ስሌት ያስፋፉት ፈረንሳዊው አሠልጣኝ ሲሪል ጊማርና አሜሪካዊው ጋላቢ ግሬግ ለሞንድ ናቸው። ከእነሱ በፊት ሃምሌይና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. ከፔዳሉ እስከ ኮርቻው ያለው ርቀት የዚሁ የእግር ልክ 109 በመቶ እንዲሆን መክረው ነበር። ላንቺ 89.4 ሴንቲሜትር ነው፤ የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲሜትር ከሆነ ሁለቱ ስሌቶች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። እግሩ በጣም ረዥም ለሆነ ሰው ግን ይለያያሉ። ስለዚህ ቁጥሩን መነሻ አድርጊው። ፔዳሉ ታች ደርሶ ብስክሌቱ እንደቆመ ከጎን ፎቶ አስነሺ፤ ጉልበትሽ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ታጥፎ ከታየ ደኅና ነው። ከዚያ ስትጋልቢ ጓደኛሽ ከኋላ ትይሽ፤ ዳሌሽ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ኮርቻው አሁንም ከፍ ብሏል።

የፊትና የኋላውን ለማወቅ የግንበኛ ቱንቢ ይበቃል። የፔዳሎቹን ክንዶች ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጊ፣ ቱንቢውን ከፊተኛው ጉልበትሽ ፊት ልቀቂው፤ በፔዳሉ መሃል አካባቢ ከወረደ ጥሩ መነሻ አግኝተሻል። አንድ ነገር ብቻ አትርሺ፦ ኮርቻውን ወደ ኋላ ስትገፊው ከፔዳሉ ስለሚርቅ ትንሽ ዝቅ ማድረግም ያስፈልጋል።

ልኩ ብዙ ርቆ ቢገኝ እንኳ በአንድ ቀን አትለውጪው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የድሮውን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጊበት፣ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር አንቀሳቅሺ፣ ጥቂት ቀን ቀለል አድርገሽ ጋልቢ፣ ከዚያ ጉልበትሽን አዳምጪ። በውድድር ዋዜማ ደግሞ መፍቻ አትንኪ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በማደግ ላይ ነሽና አምና የተለካው ኮርቻ ዘንድሮ ሊያንስሽ ይችላል። አዲስ ጫማ ወይም አዲስ ፔዳል ስትገዢም እንደገና ለኪ።

ሕመሙን መደበቅሽን ግን አልወደድኩልሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በርናር ኢኖን ታውቂዋለሽ፣ ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ ያሸነፈውን፣ በእልኸኝነቱ የታወቀውን። በ1980 እ.ኤ.አ. ዝናብና ብርድ በበዛበት ቱር ላይ ቢጫውን ማሊያ እንደለበሰ፣ ፖ ከተማ ላይ በጉልበት ሕመም ውድድሩን አቋረጠ። የእርሱ ሕመም ከኮርቻ ነው አልልሽም። የምልሽ፣ እየመራ እንኳ አቁሞ ወረደ፤ በዚያው ዓመትም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ጉልበት ተመልሶ ቱሩን አስቀረበት፣ ቀዶ ሕክምናም አስደረገው። እንዲህ ያለ ጀግና ለጉልበቱ ካቆመ፣ አንቺ ለአንድ የሳምንት መጨረሻ ውድድር ብለሽ የሕመም ማስታገሻ ውጠሽ አትሰለፊ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ያየ ትውልድ ነሽ፤ ሩቅ ማለምሽ ደስ ይለኛል። ይህ ጉልበት ገና ብዙ ዓመት ይፈለጋል።

ጉልበትሽ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ስትቆሚ ከከዳሽ፣ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳሽ ወይም ሕመሙ ከውድቀት በኋላ ከጀመረ ግን ይኼ የኮርቻ ጉዳይ አይደለምና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ነገ ልምምድ ሳይጀመር ሜትርሽን ይዘሽ አሠልጣኝሽን «ኮርቻዬን አብረን እንለካው» በያቸው።