ቄስ ጉዲና ቀሩ፤ እኔ ወጣሁ

የሾመችኝ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ናይሮቢ ድረስ የመጣልኝ በቴሌግራም ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ። መልእክቱ አጭር ነው። መንጋውን ጥሎ የወጣ እረኛ በስደት አገር መጋቢ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም ይላል። የቄስ ጉዲና ቱምሳን አብነት ይጠቅስና ወይ እንድመለስ፣ ወይ ሹመቴን እንዳስረክብ ያዛል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር ነው። ደብዳቤው እውነት ከሆነ እኔ ቅጥረኛ ነኝ፤ እዚህ ኢስሊ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር ውስጥ ያጠመቅኳቸው፣ ያጋባኋቸውና የቀበርኳቸው ሰዎች ሁሉ በቅጥረኛ እጅ አልፈዋል ማለት ነው። ሐሰት ከሆነ ደግሞ የቄስ ጉዲና ሞት ለእኛ ምን ይነግረናል? ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቃተኝ። የምጽፈው ሐሳቤን ለማጥራት ነው፤ ስለ ተቆጣሁም ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን ላስቀምጥ። ቄስ ጉዲና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። እኔ የሌላ ቤተ እምነት አገልጋይ ብሆንም በእኛ ትውልድ ወንጌል ያጠና ሁሉ ስማቸውን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ወንጌልን ከልማት ነጥሎ መርዳት ሰውን ለሁለት መክፈል እንደ ሆነ ተሟግታለች። ደርግ ሲመጣ ቄስ ጉዲናን ደጋግሞ አሰራቸው። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው እንደ ቀሩ ይነገራል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ አስተምረው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። እሳቸው ተገደሉ፤ ወይዘሮ ፀሐይ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። የቄስ ጉዲና ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ይህን ታሪክ ያስተማሩን መምህር ለፈተና ነበር የሚሰጡን። እውነተኛ እረኛ ማን እንደ ሆነ በምሳሌ አስረዱ ይላሉ፤ መልሱ ጉዲና ነው፤ ማርክ ተይዞ ይታለፋል። ወይዘሮ ፀሐይስ? ልጆቻቸው እነዚያን ዓመታት እንዴት ተሻገሩ? መቅረቱን የመረጡት እነሱ ናቸው ወይ? ብሎ የጠየቀ ተማሪ ከርእስ እንዳይወጣ ይነገረዋል። እኒህ መምህር ዛሬ ባሕር ማዶ ናቸው። ስለ ጽናት ሲያስተምሩ በዩቲዩብ አያቸዋለሁ። መውጣታቸውን አልነቅፍም፤ ምን እንደ ገጠማቸው እሳቸው ያውቃሉ። ግን ራሳቸው ያልተሸከሙትን ሸክም በእኛ ጫንቃ ላይ አስረው፣ ገመዱን ሳይፈቱልን ሄዱ። እዚህ ላይ ቁጣዬን መደበቅ አልችልም።

እኔ የወጣሁት በአካባቢያችን ግጭት ሲነሣ ስሜ በሁለቱም ወገን ስለ ተጠራ ነው። ሌሎች አገልጋዮች ቀርተው ነበር፤ አጥቢያዋም አልተዘጋችም። በሞያሌ ወጣሁ። ጥሪ የሰው እንጂ የመሬት አለመሆኑን ለማስረዳት ቃል አላባክንም፤ አብርሃምን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሸሹት አባቶች ታሪክ ሄድኩ። እስክንድርያዊው አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል፤ ሸሸ ብለው ለከሰሱትም ስለ ሽሽቱ መከላከያ ጽፏል። ለእኛ ፍሬምናጦስን፣ ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማን የሾመልን ይኸው ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስም ለኢዛናና ለሳይዛና ጽፎ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ጠይቆ ነበር። ይህን ሳነብ የመጣልኝን ደብዳቤ አስታወስኩ። ራሴን ከአባ ሰላማ ጋር ላስተካክል አይዳዳኝም፤ ግን ተመለስ የሚል ማኅተም ሁሉ ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ ያሳየኛል።

ከዚያም ፊልጶስ አለ። እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ በኢየሩሳሌም ስደት ሲነሣ፣ ለማዕድ አገልግሎት ከተመረጡት ሰባቱ አንዱ የነበረው ፊልጶስ ወደ ሰማርያ ወረደ። የህንደኬን ጃንደረባ በጋዛ መንገድ አግኝቶ ያጠመቀው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ለኢትዮጵያዊ ወንጌልን የነገረው ሰው ከከተማው የተሰደደ ሰው ነበር። ፊልጶስ ቢቀር ኖሮ ያ ሠረገላ ባዶውን ያልፍ ነበር ወይ? በዚህ ሐሳብ ለጥቂት ቀናት ተጽናናሁ፤ ሰበክሁበትም።

መጽናናቴን ያፈረሰው ያው ምዕራፍ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ሲጀምር ሁሉም እንደ ተበተኑ ይነግረናል፤ ከሐዋርያት በቀር። ይህችን አነጋገር ስንት ጊዜ አልፌአታለሁ! መምህሮቼም አልፈዋታል። ዲያቆኑ ሸሸ፤ ምእመናን ሸሹ፤ እረኞቹ ግን ቀሩ። እግዚአብሔር በሸሸው ተጠቀመ ማለት እረኛ ይሽሽ ማለት አይደለም። ደብዳቤውን የጻፉት አባቶች ይህን ጥቅስ ቢያስታውሱ ኖሮ ጉዲናን መጥቀስ ባላስፈለጋቸው!

መጀመሪያ እንዲህ ስል መለስኩ፦ ሐዋርያትም ቢሆኑ ለዘላለም አልቀሩም። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገድሎ ጴጥሮስን ሲያስር፣ ጴጥሮስ ከእስር በወጣ ሌሊት ለወንድሞች መልእክት ትቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። ግን ይህ መልስ አላሳረፈኝም። አንድ ቀን መውጣት ይቻላል ማለት የእኔ ቀን ያ ነበር ማለት አይደለም።

ከዚያ የአውግስጢኖስን ደብዳቤ ፈልጌ አነበብኩ። ቫንዳሎች ሰሜን አፍሪካን ሲወርሩ ሆኖራቱስ የተባለ ጳጳስ አገልጋዮች መሸሽ ይችሉ እንደ ሆነ ጠይቆት ነበር። አውግስጢኖስ ሲመልስ ነገሩን ይከፍለዋል። የሚታደነው አንድ አገልጋይ ብቻ ሆኖ ሌሎች ምእመናኑን የሚያገለግሉ ከቀሩ፣ ያ አንዱ ይሽሽ። ሕዝቡ ሁሉ ሲወጣ አገልጋዩም አብሮ ይውጣ። አደጋው የሁሉ ሆኖ፣ መውጣት የማይችሉ ሰዎች ካሉ ግን አገልጋዩ ይቅር። ማን ይቅር ማን ይሂድ የሚል ክርክር ከተነሣም ዕጣ ይጣል። ይህን የጻፈው አውግስጢኖስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ430 በተከበበችው ሂፖ ውስጥ ሞተ። ከመምህሮቼ ሁሉ ይህን ሰው አከብረዋለሁ፤ የጻፈውን ራሱ ኖሮታል።

በዚህ ሚዛን ስመለከተው ያልጠበቅሁት ነገር ታየኝ። ቄስ ጉዲና መሄድ ይችሉ ነበር። የሚታደኑት በስማቸው ነው፤ ሌሎች ቄሶችም ነበሩ። ሕግ አላሰራቸውም። መቅረታቸው ስጦታ ነበር፤ ማንም ሊጠይቃቸው የማይችለው፣ እሳቸው ግን የሰጡት። ስጦታን ወደ ሕግ ለውጦ ሌላውን መግረፊያ ማድረግ ሟቹንም ማሳነስ ነው። ግዴታ ከነበረባቸው ምን ሰጡ?

መቅረት ብቻውን እረኛ እንደማያደርግ ደግሞ ያለሁበት አገር አስተምሮኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከማሊንዲ ወዲያ በሻካሆላ ጫካ ከ400 የሚበልጡ አስከሬኖች ከመቃብር ወጡ። ዐቃቤ ሕግ፣ ሰባኪው ፖል ማኬንዚ ተከታዮቹን ኢየሱስን ለማግኘት እንዲራቡ አድርጓል ብሎ ከሶታል፤ እሱ ክሱን አይቀበልም። ፍርዱን ለፍርድ ቤት እተዋለሁ። ግን ሰባኪው ከመንጋው ጋር እዚያው ጫካ ውስጥ ነበር። ከሻካሆላ ወዲህ አዳራሽ ስንፈልግ አከራዮች የቤተ ክርስቲያን ምዝገባ ወረቀታችሁን አምጡ ይሉናል። እኛም እሑድ ከሰዓት በኋላ ከኬንያውያን ቤተ ክርስቲያን በምንከራየው አዳራሽ በር ላይ እንጠየቃለን። አይከፋኝም። እረኛ ሊጠየቅ ይገባል።

ይሁን እንጂ ሐዋርያት ቀሩ የሚለው አልለቀቀኝም። ከማን ጋር ቀሩ? ሁሉ ከተበተነ ኢየሩሳሌም ውስጥ ማን ነበረ? መጽሐፉ አይዘረዝርም። ከሁለት ምዕራፍ በፊት ግን በዕለታዊው ማዕድ ስለ ተረሱ መበለቶች ያወራል። አሮጊት መበለት ወደ ሰማርያ በእግሯ ልትሸሽ ነው? እንደሚመስለኝ ሐዋርያት የቀሩት መውጣት ለማይችሉት ነው። ማስረጃዬ ደካማ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአውግስጢኖስ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። እንግዲያው ጥያቄው እረኛው የት ቆመ የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። መሄድ የማይችለው ማን ነው? ከእርሱስ ጋር ማን አለ?

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በር ተንኳኳ። ከአጥቢያችን እኅቶች አንዷ ናት። በጥር 2017 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ በረራ ተቆርጦላት ነበር። ፍራሿን፣ የጋዝ ምድጃዋንና ምጣዷን ሸጣ፣ ቤቷን ለቅቃ፣ አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) የተጻፈበትን የፕላስቲክ ቦርሳ ይዛ ስትጠብቅ፣ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙበት ቀን የስደተኞችን ቅበላ አገዱ፤ በረራዎችም ተሰረዙ። ዛሬም ቦርሳውን ይዛ ነው የምትዞረው፤ የሜዲካል ወረቀቷ ቀኑ አልፎበታል፤ ማዕዘኖቹ በቴፕ ተለጥፈዋል። የመጣችው ለቤት ኪራይ ነበር። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና፣

«ፓስተር፣ የእርስዎስ ኬዝ የት ደረሰ?» አለችኝ።

«ፋይሌ ክፍት ነው፣ እኅቴ» አልኳት። እውነቱም ይኸው ነው።

«እንግዲህ እርስዎም ይሄዳሉ» ብላ ወጣች። ቅሬታ አልነበረበትም። በኢስሊ አገልጋይ ይሄዳል፤ ዘማሪ ይሄዳል፤ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰው የምትሸኝ ቤት ነበረች። ምስክርነት ማለት በረራ ወጣልኝ ማለት ነበር፤ የጸሎት ርእስ ማለት ፕሮሰስ ማለት ነበር። አሁን ሽኝቱ ቆመ፤ ለሽኝት ብቻ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምትሆን የነገረን መምህር የለም። ወጣቶቹ ሌላ መንገድ አያጡም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው ይሏቸዋል። በዚያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ 64 ኢትዮጵያውያን በኮንቴይነር ታፍነው ሞተዋል፤ በ2022 መጨረሻ ሉሳካ ዳር 27 አስከሬኖች ተጥለው ተገኝተዋል።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቻችን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። የሰንበት ትምህርቱን በስዋሂሊም እንስጥ፤ ልጆቻችን እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በእሱ ነው። በወር አንድ እሑድ አዳራሹን ከሚያከራዩን ኬንያውያን ጋር አብረን እናምልክ። ለበረራ መጸለይ አንተው፤ ግን ከመባው ለሙያ ሥልጠና እንመድብ። ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሲጽፍ ቤት ሥሩ፣ ትክል ትከሉ፣ ስላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አለ እንጂ ሻንጣችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ አላለም። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2025 ሺሪካ በተባለው ዕቅድ ካኩማንና ዳዳብን ስደተኛና ነዋሪ አብረው ወደሚኖሩባቸው ሰፈሮች ለመቀየር ተነሥታለች። ሽማግሌዎቹ ፈሩ። «ልጆቻችን ቋንቋቸውን ይረሳሉ፤ ደግሞ እዚህ ልንቀር ነው እንዴ?» አሉኝ። ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ እዚህ እንቀራለን ብሎ መናገር አንድን ተስፋ በአፍ መቅበር ነውና። የሕፃናቱ ክፍል ግን ተጀምሯል።

ወደ ራሴ ልመለስ። የሸሸሁት በትክክል ነው ብዬ አልምልም። የቀሩትን የቀድሞ አጥቢያዬን አገልጋዮች ሳስብ፣ የአውግስጢኖስ ሚዛን ለእኔ ሲመዝን ትንሽ አድልቶ እንዳይሆን እጠራጠራለሁ። የቄስ ጉዲና ስጦታ ሕግ አይደለም ካልኩ በኋላም ለምን እንደሚያሳፍረኝ ሙሉ መልስ የለኝም፤ ምናልባት ስጦታ ሲታይ ከሕግ ይልቅ ስለሚጠራ ይሆናል። በረራ ቢወጣልኝ እሄዳለሁ ወይ? ዛሬ ብጠየቅ አልሄድም እላለሁ። ልጆቼ ሲያድጉና ትምህርት ቤት ወረቀት ሲጠየቁም እንዲሁ እል እንደ ሆነ ያኔ ይታያል።

አንዱን ግን አጥርቻለሁ። ዛሬ መሄድ የማይችሉት ሰዎች የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ኢስሊ ናቸው፤ የሚያገለግላቸውም ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ሹመቴን አላስረክብም። ደብዳቤውን የጻፉት አባቶች በመመለሴ ካመኑ ከመካከላቸው ዕጣ ይጣጣሉ፤ ዕጣው የወጣለት መጥቶ ይህን መንጋ ይረከበኝ። ያን ቀን ስለ መመለስ እንነጋገራለን። እስከዚያ ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ እሰብካለሁ፤ ፓስተር ብለው ሲጠሩኝም አቤት እላለሁ።