ጥያቄው ያው፣ ፈተናውስ?

ኩረጃ ያንገፈገፈው ሰው የኦንላይን ፈተናን ለመቃወም አፉ አይከፈትለትም። ግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቆ ፈተናው ሁሉ ሲሰረዝ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና የከረመው ልጅ ከሰራቂው እኩል ተቀጣ። የ2014 ተፈታኞች በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲፈተኑ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ «ለካስ የቀድሞው ውጤት የኩረጃ ነበር» ያላለ ጥቂት ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2016 ከተፈታኞቹ ከፊሉን በኮምፒዩተር መፈተን ሲጀምር ደብረ ታቦር የማውቃቸው መምህራን ለሁለት ተከፈሉ። «የሚጓጓዝ ወረቀት ከሌለ የሚሰረቅ ወረቀት የለም» አለ አንዱ ወገን። «የስማዳ ገጠር ልጅ ማውዝ የሚጨብጠው በፈተናው ቀን ነው» አለ ሌላው።

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ሌባው ያወራል፣ ሁለተኛው ስለ ተፈታኙ። ፈተና ቁና ነው፤ ቁናውን ማንም እንዳይነካው ቆልፎ ማስቀመጥና ቁናው ልክ መሆኑ ለየቅል ናቸው። እኔን የሚከነክነኝ ክርክሩ ሁሉ በቁልፉ ላይ መቅረቱ ነው።

በሒሳብ ፈተና ጉዳዩ ቀላል ነው። ልጁ በማስሊያ ወረቀቱ ሠርቶ ሲጨርስ መልሱን ጠቅ ያደርጋል። እንግሊዝኛ ላይ ግን የሚለካው ማንበቡ ራሱ ነው። በወረቀት የሚፈተን ልጅ ምንባቡን በእርሳስ እያሰመረ ይወርዳል፤ ግራ እጁን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጥሎ በቀኙ ወደ ጥያቄው ገጽ ይገልጣል፤ ሲመለስ ጣቱ ቦታውን ጠብቆለታል። ስክሪኑ ላይ የሚያሰምርበት እርሳስ የለም፤ ምንባቡ ረዘም ካለ የፈለገው መስመር ወደ ላይ ሸሽቶ ይጠብቀዋል። ፈተናው ክረምት ላይ ሲውል የጉና ተራራን ብርድም አትርሱ፤ በደነዘዘ ጣት ማውዝ ማንቀሳቀስ የራሱ ሙያ አለው።

ይህ የእኔ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርምር በወረቀት ያነበቡት የተሻለ እንደሚረዱ፣ ልዩነቱም ሰዓት ሲገደብ እንደሚጎላ አሳይቷል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ተማሪዎች ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወሩ ይበልጥ የወረደው የእንግሊዝኛ ውጤታቸው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ቢጠብም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ተቃውሞ ይይዘኛል፤ በቀላሉም አይለቀኝም። ወረቀትስ መሣሪያ አይደለም እንዴ? በጋይንት ቤተልሔም የአብነት ትምህርት ቤት የድጓ ዜማ ተማሪ የሚያስመሰክረው መምህሩ ፊት ቆሞ በድምፁ ነው። ለእኚያ መምህር ክብ እያጠቆሩ ዕውቀትን ማሳየት የማይገባ ነገር ይሆንባቸው ነበር። የወረቀቱ እንግሊዝኛም ቢሆን ልጁን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍ ብሎት አያውቅም፤ ምርጫ ብቻ ነው። ታዲያ ምኑን ንጹሕ ወረቀት ነው የምከላከለው? ደግሞም የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ታትሞ ሳይዳረስ ሲቀር ብዙው ተማሪ ያነበበው በቴሌግራም የተላከውን ፒዲኤፍ በስልክ ነው። ስክሪን ባዕድ ነው የምለው ለማን ኖሯል?

ይህን ያህል እቀበላለሁ፦ ገለልተኛ መሣሪያ የለም። እስክሪብቶ ግን ለልጁ የተሰጠው ከፊደሉ ጋር ነው፤ ፈተና ላይ ሲደርስ አሥራ ሁለት ዓመት ይዞታል። ስልኩም ቢሆን ላለው ነው፤ ያለውም ልጅ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ፒዲኤፉን የሚያወርድበት አጣ። በክልሉ በተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ዓመት ነው ስክሪኑ የመጣው።

«ታዲያ ያለማምዷቸዋ!» ይባላል። ይህም ባዶ ቃል አይደለም። የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያው የቶፍል ፈተና እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ኮምፒዩተር ሲዞር አዘጋጆቹ በተለያዩ አገሮች ከ1,100 በላይ ተፈታኞችን አጥንተው፣ አጭር ልምምድ ከተሰጠ በኋላ ኮምፒዩተር ባወቀና ባላወቀ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ይህ ግኝት ክርክሬን ግማሽ ያህል ይበላዋል፤ ስማዳም ላይ እንዲሠራ እመኛለሁ። ነገር ግን የእነዚያ ሰዎች እንግሊዝኛ አስቀድሞ በወረቀት ተለክቶ ነበር፤ ስለዚህ የኮምፒዩተር እንግድነቱን ከቋንቋው ድክመት መለየት ተቻለ። የእኛ ልጅ ለብቻው የተለካበት ሌላ ሚዛን የለውም። ሲወድቅ እንግሊዝኛው ይሁን ማውዙ የጣለው፣ ውጤቱ ራሱ አይናገርም።

ስለዚህ «ስክሪን ግፍ ነው» ወደ ማለት ያዘነበለው ክርክሬ እየጠበበ መጣ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ አንዱ በወረቀት፣ አንዱ በስክሪን አንብበው ሁለቱም በአንድ የማለፊያ ነጥብ ሲቆረጡ፣ ቢያንስ የእንግሊዝኛ ውጤታቸው ለየብቻ ይገለጽ። ልዩነት ከታየስ? ማርክ ይጨመር? በወረቀት 49 አምጥቶ የቀረው የፋርጣ ልጅ፣ በስክሪን 48 አምጥቶ ሁለት ተጨምሮለት ስላለፈው ጓደኛው ምን እንደሚል መገመት አይከብድም፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት ግን አላውቅም።