ማንም በማያውቅሽ ከተማ



ውድ እህቴ፣ ውድ ወንድሜ፤ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ መነሻው አንዲት እህት የላከችልኝ ጥያቄ ነው። ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

እህታችን ነርስ ናት። ተወልዳ ያደገችው ደሴ ነው። ከተመረቀች በኋላ ሥራ አጥታ ቆየችና ጅግጅጋ ተቀጠረች። ባቢሌን አልፋ፣ ካራማራን ተሻግራ፣ አንድም ዘመድ በሌላት ከተማ ክፍል ተከራየች። ከደመወዟ ቆንጥራ ለእናቷ ትልካለች። «ታካሚዎቼን አሰላሙ ዐለይኩም እላቸዋለሁ፣ ደስ ብሏቸው ይመልሱልኛል፤ የት ጋ ነው የሚያምዎት ብዬ መጠየቅ ግን አልችልም» አለችኝ። ሶማሊኛ አታውቅም።

አንድ ሌሊት ተረኛ ነበረች። ግፊታቸው በየአራት ሰዓቱ እንዲለካ የታዘዘላቸው አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። አመሻሹ ላይ ደጋግመው አንድ ነገር ሲነግሯት ሳይገባት ቀርቶ አፍራለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደክሟታል፤ እሳቸውም ተኝተዋል። ቀስቅሳ ያንን ሀፍረት እንደገና መጋፈጥ ከበዳት። ከላይ የተጻፈውን ቁጥር አየችና ተቀራራቢውን ቻርቱ ላይ ጻፈች። ሲነጋ አስረክባ ወጣች። እናቲቱ ተሽሏቸው ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማንም አላወቀም።

ጥያቄዋ ይህ ነው፦ «ኡስታዝ፣ ሴትዮዋ ምንም አልሆኑም፤ እኔ ግን ሰላም አጣሁ። አገሬን የተውኩት ለደመወዝ ስለሆነ ይሆን ልቤ የደረቀው? ለዱንያ የተሰደደ ሰው ሥራው እንደ ኢባዳ ይቆጠርለታል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ደመወዙ። ስለ ኒያ የሚናገረውን ታዋቂ ሐዲስ አስበሽ እንደፈራሽ ይገባኛል። ሰው የሚያገኘው ያሰበውን እንደሆነ፣ ለዱንያ የተሰደደም ስደቱ ለዚያው ለተሰደደበት ነገር እንደሆነ ያስተምረናል። ነገር ግን ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) አስታውሺ። መዲና ባዶ እጃቸውን ሲገቡ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ንብረታቸውን እኩል ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። እሳቸው ዱዓ አድርገውላቸው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ፤ ሄደውም ነገዱ። ስደታቸው ለአላህና ለመልእክተኛው ነበር፤ ገበያ መውጣታቸውም አላበላሸውም። እናቱን ለመርዳት ሀላል ሪዝቅ የሚፈልግ ሰው ኒያው ባዶ አይደለም። ኒያ ደግሞ መናኸሪያ ላይ እንደሚቆረጥ ትኬት አንዴ ተቆርጦ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በየተረኛነትሽ፣ ጋዋንሽን በለበስሽ ቁጥር ልታድሺው ትችያለሽ።

እንዲያውም ደመወዙ ነገሩን ያጠብቀዋል። የምትበይው እንጀራ በከፊል የዚያች ሌሊት ልኬት ዋጋ ነው። ደመወዝ የተቀበልንበት ሥራ የሌላ ሰው ሐቅ ነው።

ስለዚህ ልብሽን ያደረቀው ገንዘቡ አይመስለኝም። ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ ከራሴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ ማንም ወደማያውቀኝ ከተማ ነበር የሄድኩት። የመድረሳ ልጅ ነኝ፤ ቤት ሳለሁ ፈጅር አምልጦኝ አያውቅም ነበር። እዚያ በሄድኩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ስንቴ ፀሐይ ወጥታብኛለች! ለካ ቤት ውስጥ ይቀሰቅሰኝ የነበረው የአባቴ ሳል ነው። እኔ ግን ለአላህ የምነሳ ይመስለኝ ነበር።

አዲስ ከተማ እንዲህ ያደርጋል። የእናትሽ ዓይን፣ የጎረቤት ወሬ፣ «የእገሌ ልጅ» መባል፣ ሁሉም ደሴ ቀርቷል። የቀረሽው አንቺና ጌታሽ ናችሁ። ያስፈራል። ግን ሥራሽ በእርግጥ ለማን እንደሆነ የምታውቂበት ቦታም እሱ ነው።

አሁን ወደዚያ ቁጥር እንመለስ። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዳቸው ላይ ቆስለው ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ወደምትባል ሴት ተወሰዱ። ቁስለኞችን የምታክም ሴት ነበረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሲያልፉ ምሽት ላይ እንዴት እንዳመሹ፣ ጠዋት ላይ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቋቸው ነበር፤ ሰዕድም ይነግሯቸው ነበር። አስቢው፤ የአንድ ከተማ ጉዳይ ሁሉ ጫንቃቸው ላይ ያለ ነቢይ፣ ጠዋት ማታ ቆመው መልስ ይሰማሉ።

የግፊት መለኪያውም ያንኑ «እንዴት አመሹ? እንዴት አደሩ?» የሚለውን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ቻርቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የታካሚው መልስ ነው። ያን ሌሊት አልተጠየቁም፤ መልሳቸው ግን ተጻፈ። ቁጥሩ «ለክቻለሁ፣ አይቻለሁ» የሚል ምስክርነት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከከባባድ ወንጀሎች ሲቆጥሩ ተደግፈው ነበር፤ የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ግን ተስተካክለው ተቀመጡና ደጋገሙት። የአንቺን ጥፋት ፍርድ ቤት ከሚዋሽ ሰው ጋር እኩል ነው እያልኩሽ አይደለም። ሐኪም አይቶት መድኃኒት የሚያዝበት ቁጥር ግን ቀላል ቃል አለመሆኑን እወቂ።

«ምንም አልሆኑም» ያልሽው የአላህ እዝነት ነው። አልሐምዱሊላህ በዪበት፤ ማስረጃ ግን አታድርጊው።

ታዲያ ምን ታደርጊ? ተውባ መተው፣ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ ነው። የሰው ሐቅ ሲኖርበት ደግሞ ሐቁን መመለስ ይጨመራል። «አላህ የሸፈነልኝን ለምን ልግለጥ?» ልትዪ ትችያለሽ። እውነት ነው፣ በአንቺና በአላህ መካከል ያለውን ወንጀል ሸፍኚው። ያ ቁጥር ግን አሁንም ቻርቱ ውስጥ አለ። እናቲቱ ነገ ቢመለሱ ሐኪሙ ያነበዋል። ስለዚህ ለዋርድሽ ኃላፊ ንገሪና እንዲታረም አድርጊ። አዲስ ተቀጣሪ ነሽ፤ ሊያስወቅስሽ፣ ምናልባት ከዚያ የባሰም ሊያስከትልብሽ ይችላል። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። የአንዲት ምስኪን እናት ሐቅ ግን ከአንቺ ስም ይቀድማል። ለሳቸውም ዱዓ አድርጊላቸው።

ከዚያ ሀፍረቱን ከሥሩ ንቀዪው፤ ቋንቋውን ተማሪ። «ሆዮ» እናት ነው፤ «ቢዮ» ውሃ ነው፤ «ሐኑን» ሕመም ነው። በሦስት ቃል ጀምሪ። ተሳስተሽ ብትናገሪ ይስቁብሽ ይሆናል፤ ይሳቁ። እየሳቁም ቢሆን የሚያማቸውን ያሳዩሻል።

ናፍቆቱም አይክበድሽ። አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) መዲና እንደገቡ በትኩሳት ታመው፣ ቢላል መካን እያነሱ በግጥም ያንጎራጉሩ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልገሠጿቸውም። አላህ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው ዱዓ አደረጉ። አንቺም ለከተማሽ ዱዓ አድርጊ።

አንተም ወንድሜ፣ ነርስ ባትሆንም ሳትለካ የጻፍከው ቁጥር ካለ ይህ ጽሑፍ ላንተም ነው። የሒሳብ መዝገብ ይሁን፣ የተማሪ ውጤት፣ ወይም የግንባታ ቦታ ሪፖርት፣ ዛሬ ከመግሪብ በፊት አስታውሰው።

አላህ ሰው በሚያየንም በማያየንም ቦታ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። በሰው አገር ያሉ እህትና ወንድሞቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።