ደረቅ ወንዝ ባለቤት አለውን?

በክረምት ሞልቶ የሚያስፈራ፥ በበጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ የሚቀረው ወንዝ በአገራችን ብዙ ነው። በደረቀበት ወራት ያየው ሰው ወንዝነቱን ረስቶ እንደ ባዶ ቦይ ይቈጥረዋል፤ ፍሳሽ ቢለቀቅበትም የሚጐዳ ያለ አይመስለውም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ተጐጂው በዓይን በማይታይበት ጊዜ የተሠራ በደል፥ በደል አይባልምን?

ነገሩን ብንመረምር ባዶ የተባለው ወንዝ ባዶ አለመሆኑን እንረዳለን። ለቆዳ ማልፊያ የሚያገለግለው ክሮም እንደ ቅጠል በስብሶ የሚጠፋ አይደለም፤ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ይቈያል። በክረምት የውኃው ብዛት መርዙን ያቀጥነዋል፤ በበጋ ግን በወንዙ የሚወርደው ፍሳሹ ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎርፉ የተጠራቀመውን ጠራርጎ ወደ ታች ይወስደዋል።

ለዚህ የአዲስ አበባ ምሳሌ ይበቃል። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች በትንሹና በትልቁ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላሉ። በመንገዳቸው ጐመንና ሰላጣ ይጠጣባቸዋል። አዋሽም ወደ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል፤ ስለዚህ ያፈሰስነውን የሚቀበልልን ባሕር የለም።

ፋብሪካ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው፥ ማጣሪያውም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ያልተከፈለው ወጪ አይጠፋም፤ ከፋብሪካው መዝገብ ወጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ ይዛወራል እንጂ። ትርፉን አንዱ ወስዶ ኪሣራውን ያልተጠየቀ ሌላ ሰው ከከፈለው፥ ይህ ቍጠባ ሊባል አይገባውም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300ም በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ይሁን እንጂ መርማሪው በደረቅ ወንዝ ቢደርስ በጠርሙስ የሚቀዳው ውኃ አያገኝም። ስለዚህ ደለሉንም ሊመረምር፥ የፍሳሹንም ቧንቧ ከመነሻው ሊጠብቅ ይገባዋል።

አባቶቻችን «ውኃ ከጥሩ፥ ነገር ከሥሩ» ይላሉ። የክረምቱ ውኃ ጥራት የሚጠበቀው በበጋ ነው፤ የሰውም ቅንነት የሚታወቀው ምስክር በሌለበት ሰዓት ነው። ወንዙ ለጊዜው ቢደርቅ፥ ከታች ማድጋዋን ይዛ ክረምትን የምትጠብቅ እናት መኖሯን አንርሳ።